ታይፕ 1 ስኳርና ፍሬኑ የላላ ኢሚዩን ሲስተም

ታይፕ 1 የስኳር በሽታ ጣፋጭ በመብላት አይመጣም፣ የሚመጣው የራሳችን ኢሚዩን ሲስተም (በሽታ የሚከላከልልን የሰውነት ስርዓት) ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚሰሩትን ቤታ ሴሎች ሲያጠፋ ነው። በብዛት የሚገድሏቸው ሲዲ8 የሚባሉት ቲ ሴሎች ናቸው (ቲ ሴል የነጭ ደም ሴል አይነት ነው)። ሰው ሁሉ ስለ ጥቃቱ ነው የሚያወራው፣ እኔ ግን ዋናው ጉዳይ ቁጥጥሩ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ቤታ ሴልን የሚለዩ ቲ ሴሎች እኮ ጤነኛ ሰው ደም ውስጥም አሉ፣ ግን ፍሬን ስላላቸው ምንም አያደርጉም።

የመጀመሪያው ማጣሪያ ታይመስ ነው፣ ደረት ውስጥ ያለ እጢ። ቲ ሴሎች እዛ ሲያድጉ የሰውነት የራሱ ፕሮቲኖች ይቀርቡላቸዋል፣ ኢንሱሊንም ጭምር፣ አጥብቆ የሚይዝ ካለ እዛው ይወገዳል። ታይመሳቸው ውስጥ ኢንሱሊን በትንሹ የሚመረትባቸው ሰዎች በዘር ምክንያት የበለጠ ተጋላጭ ናቸው።

ከዛ ያመለጠውን የሚይዙት ደግሞ ሬጉላቶሪ ቲ ሴሎች ናቸው፣ ባጭሩ ቲሬግ። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሺሞን ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 ነው ያሳያቸው፣ በ2025ም ከሜሪ ብሩንኮውና ከፍሬድ ራምስዴል ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቶባቸዋል። ፎክስ ፒ 3 የሚባለው ጂን ከሌለ ቲሬግ በወጉ አይሰራም፣ ይሄ ጂን ተበላሽቶባቸው የሚወለዱ ወንድ ልጆች ብዙዎቹ ገና ጡት ሳይጥሉ ስኳር ይይዛቸዋል፣ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም መሰለኝ።

ቲሬግ ኢንተርሉኪን 2 የሚባለውን መልእክተኛ ራሱ አያመርትም፣ ሌሎቹ ቲ ሴሎች የሚለቁትን እየመጠጠ ነው የሚኖረው፣ በዛውም እነሱን ያስርባቸዋል። በተለመደው ታይፕ 1 ላይ ደም ውስጥ ያለው የቲሬግ ብዛት ያን ያህል አይቀንስም፣ ችግሩ ብዙዎቹ ላይ ለኢንተርሉኪን 2 የሚሰጡት ምላሽ መድከሙ ነው፣ በዛ ላይ አጥቂዎቹም ተው ሲባሉ አይሰሙም። ፒዲ 1 የሚባል ሌላ ፍሬንም አለ፣ እሱን የሚዘጋ የካንሰር መድሃኒት ከሚወስዱት ውስጥ 1 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ድንገት ኢንሱሊን ጥገኛ ይሆናሉ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ምንም አይሰማውም። በደሙ ግን 2 እና ከዛ በላይ አይነት አንቲቦዲ፣ ማለትም ኢሚዩን ሲስተሙ የሚያመርተው ዒላማውን የሚይዝ ፕሮቲን፣ ከታየ (ኢንሱሊን ላይ፣ ጋድ የሚባል የቤታ ሴል ፕሮቲን ላይ ምናምን) ስኳሩ ኖርማል ቢሆንም በሽታው ደረጃ 1 ገብቷል ይባላል፣ ስኳሩ መዛባት ሲጀምር 2፣ ምልክት ሲመጣ 3።

ቴፕሊዙማብ የሚባለው መድሃኒት የሚሰጠው ደረጃ 2 ላይ ነው፣ ለ14 ቀን በደም ስር፣ አጥቂ ቲ ሴሎቹን ያዳክማል። በ2019 የወጣው ጥናት ላይ በሽታውን በሚዲያን (በመሃለኛው ቁጥር) 2 ዓመት ገደማ አዘግይቷል፣ አሜሪካም በ2022 ፈቀደችው። ማዘግየት እንጂ ማዳን አይደለም፣ ግን ለአንድ ህፃን 2 ዓመት ያለ መርፌ ቀላል ነገር አይደለም። የታማሚውን ቲሬግ አውጥቶ ላብራቶሪ ውስጥ አባዝቶ መመለስም ተሞክሯል፣ ጉዳት እንደሌለው ታይቷል፣ ቤታ ሴልን ማትረፉ ግን ገና አልተረጋገጠም።