በተማሪ ልጅ ላይ «ከመጠን ያለፈ ክብደት» ሲባል ምንድን ነው?

አንድ ተማሪ ከመጠን ያለፈ ክብደት አለው የሚባለው ክብደቱና ቁመቱ ተሰልተው በዕድሜና በጾታ ከሚመሳሰሉት ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ፣ ውጤቱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው መስመር በላይ ሆኖ ሲገኝ ነው። የዓይን ግምት እዚህ ላይ አያገለግልም። ሐዋሳ ውስጥ ዘመድ ቤት የሄደች እናት ልጇ ቀጠን ካለ «ምነው ከሳ?» ትባላለች፤ ድንቡሽቡሽ ካለ ግን ያማረበት ልጅ ነው ተብሎ ይመረቅላታል። መቀንጨርና መቀጨጭ የብዙ ቤት ችግር በሆነበት አገር እንዲህ መታሰቡ አያስገርምም፤ ይሁን እንጂ ዓይናችን የሚጠረጥረው ቀጭኑን ብቻ ስለሆነ ወፍራሙ ልጅ ሳይለካ ያልፋል።

የስሌቱ መነሻ በተለምዶ ቢኤምአይ የሚባለው ነው፤ ክብደት በኪሎ ግራም ይወሰድና በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ ይካፈላል። ስሌቱን እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ያስተዋወቀው ቤልጂየማዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ሲሆን፣ ዛሬ የሚታወቅበትን ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1972 አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሴል ኪስ ነው። ለአዋቂ ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ ውጤቱ 25 ሲደርስ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 ሲደርስ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። በልጅ ላይ ግን እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ያሳስታሉ። የጤነኛ ልጅ ቢኤምአይ ከመጀመሪያው የልደት ዓመት በኋላ እየቀነሰ ሄዶ አምስትና ስድስት ዓመት አካባቢ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያም እስከ ወጣትነት ቀስ እያለ ይጨምራል፤ ወንዶችና ሴቶችም በአንድ መንገድ አይሄዱም። ስለዚህ መስመሩም ከዕድሜ ጋር አብሮ መንቀሳቀስ አለበት።

ይህን የሚንቀሳቀስ መስመር የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት ልጆች አውጥቶታል። ከአማካዩ አንድ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (የልጆች ውጤት ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚለካበት አሃድ) በላይ የሆነ ልጅ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከሁለት በላይ የሆነ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረት አለው ይባላል፤ ሁለቱ መስመሮች 19 ዓመት ላይ ሲደርሱ ከአዋቂዎቹ 25 እና 30 ጋር ይገናኛሉ። በቁጥር ቢታይ ይሻላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ35፣ ክብደቱ 36 ኪሎ የሆነ የ10 ዓመት ወንድ ልጅ ቢኤምአዩ 19.8 ያህል ነው። በአዋቂ ሠንጠረዥ ቢታይ እንከን የለበትም። በዕድሜው ሠንጠረዥ ግን የመጀመሪያው መስመር 18.5፣ ሁለተኛው 21.4 በመሆኑ ከመጠን ያለፈ ክብደት ካላቸው ጋር ይመደባል። ይኸው 19.8 በ6 ዓመት ወንድ ልጅ ላይ ቢገኝ በዚያ ዕድሜ ሁለተኛው መስመር ከሆነው 18.5 ስለሚበልጥ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይሆናል፤ በ14 ዓመት ወንድ ልጅ ላይ ግን አማካዩ 19.0 ስለሆነ ምንም አያሳስብም። አንድ ቁጥር ሦስት ትርጉም አለው ማለት ነው፤ ዕድሜው ያልተጻፈበት የልጅ ቢኤምአይም ለምንም አይጠቅምም።

ዕድሜ ደግሞ በእኛ አገር በቀላሉ የሚገኝ መረጃ አይደለም። ሠንጠረዡ ዕድሜን በወር ቆጥሮ ስለሚጠይቅ፣ የልደት ምስክር ወረቀት የሌለውን ልጅ «አስር ዓመቱ ነው» ብሎ መመዝገብ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ስሕተት ሊያመጣ ይችላል። ከዚህ የባሰው የዘመን አቆጣጠር ነው። መዝጋቢው የልደቱን ዓመት እንደ ወላጁ ንግግር 2008 ብሎ፣ የተለካበትን ቀን ግን እንደ ኮምፒውተሩ በአውሮፓ አቆጣጠር ከጻፈው፣ በልጁ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨመራል፤ ወፍራሙ የአስር ዓመት ልጅም ጤነኛ ጎረምሳ ሆኖ ይወጣል። ሌላው ሁሉ ለጥንቃቄ ብቻ የሚተው ነው፦ ጫማና ሹራብ ይውለቅ፣ ተረከዝ ግድግዳውን ይንካ፣ ሚዛኑ ምንጣፍ ላይ አይቀመጥ፣ የተጎነጎነ ጸጉር የቁመት ንባቡን ከፍ እንዳያደርገው ይታይ።

አሁን ወደ አዝማሚያው። በዓለም ዙሪያ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ከ5 እስከ 19 ዓመት የሆኑ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ 11 ሚሊዮን ይገመቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 124 ሚሊዮን፣ በ2022 ደግሞ 160 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። ዝቅተኛውን መስመር ብቻ ያለፉትም ሲደመሩ የ2022ቱ ቁጥር ከ390 ሚሊዮን ይበልጣል፤ ይህም በ1990 ከመቶ 8 የነበረው ድርሻ ወደ 20 ከመቶ ማደጉን ያሳያል። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዚህ የዕድሜ ክልል ከመጠን ያለፈ ውፍረት (9.4 ከመቶ) ከክብደት ማነስ (9.2 ከመቶ) ለመጀመሪያ ጊዜ መብለጡን ገልጿል። ከዚህ ውጪ የሆኑት ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካና ደቡብ እስያ ናቸው፤ እኛም ከሰሃራ በታች ካሉት አገሮች ነን።

ታዲያ ጉዳዩ አይመለከተንም ማለት ነው? በአገር ደረጃ ያለው አማካይ እንዲህ ሊያስብል ይችላል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 ከመቶው የቀነጨሩ ሲሆኑ፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት የነበራቸው 2 ከመቶ ብቻ ናቸው። ነገር ግን አማካይ ከተማን ይሸፍናል። በኢትዮጵያ ከተሞች በተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው የሚያሳዩት፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት በግል ትምህርት ቤት በሚማሩና የተሻለ ገቢ ባላቸው ቤተሰቦች ልጆች ላይ እንደሚበረታ ነው። በበለጸጉት አገሮች ነገሩ ተገልብጦ የሚጎዳው ደሃው ነው፤ የእኛም አካሄድ ርካሹ የታሸገ ምግብ ደሃው ሰፈር ሲደርስ ወደዚያው ማዘንበሉ የማይቀር ይመስለኛል።

ሐዋሳ ላይ ምክንያቱን ለማየት ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ በብስክሌቷ የታወቀችውም ለዚህ ነው። ዛሬ ግን አቅም ያለው ወላጅ ልጁን የሚልከው በኮንትራት ባጃጅ ነው፤ ለመኪናው አደጋ ሲባል ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆን ይችላል፣ ለልጁ እግር ግን የቀን እንቅስቃሴውን ወሰደበት። ከመኖሪያ ቤት ወደ ትምህርት ቤት በተለወጠ ግቢ ውስጥ ኳስ የሚያስኬድ ቦታ አይገኝም፤ ከትምህርት መልስም አስጠኚ፣ ከአስጠኚ በኋላ ስልክ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዕድሜ የሚመክረው በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ነው።

ምግቡም እንዲሁ ተቀይሯል። የሐይቁ ዓሣና በሲዳማ ዋሳ የሚባለው የእንሰት ምግብ ከቤት አልጠፉም፤ ልጁ በእረፍት ሰዓት በራሱ ገንዘብ የሚገዛው ግን ብስኩት፣ ቦምቦሊኖ፣ በዘይት የተጠበሰ ድንችና ለስላሳ ነው። 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ አንድ ጠርሙስ ኮላ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይገኛል፤ ይህ በቤት ሻይ ላይ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከመጨመር አይለይም፣ እንዲህ ያለ ሻይ ለልጁ የሚሰጥ ወላጅ ደግሞ የለም። መንግሥት በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ጣፋጭ መጠጦች ላይ ታክስ መጣሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

መቀንጨርና ውፍረት ተቃራኒ ናቸው ብሎ ማሰብም ስሕተት ነው። በሕፃንነቱ የቀነጨረ ልጅ በኋላ ጉልበት ሰጪ ምግብ ሲበዛለት ቁመቱ ሳይከተል ክብደቱ ሊጨምር ይችላል፤ አንድ ልጅ በአንድ ጊዜ አጭርም ወፍራምም ሆኖ የሚገኘው እንዲህ ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ድርብ ጫና የሚሉት ይህንን ነው።

ቢኤምአይ የራሱ ድክመት አለው፤ ጡንቻን ከስብ አይለይም፣ ጉርምስና ቀድሞ የጀመረውንም ልጅ ካልጀመረው ጋር እኩል ያያል። ስለዚህ መስመሩን ያለፈ ልጅ ለተጨማሪ ምርመራ የተለየ እንጂ በሽተኛ የተባለ አይደለም። የወገብ ዙሪያው ከቁመቱ ግማሽ መብለጡ፣ የደም ግፊቱ፣ እንደ ሁኔታውም የደም ስኳሩ አብረው ሲታዩ ነው ሐኪም የሚወስነው። ቸል የሚባል ጉዳይም አይደለም፤ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የጉበት ስብ በልጅነት ሊጀምሩ ይችላሉ።

ወላጆች ይህን ሲሰሙ ቶሎ የሚያስቡት ምግብ መከልከልን ነው። በማደግ ላይ ላለ ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ኪሎ መቀነስ ሳይሆን፣ ቁመቱ እስኪቀድም ክብደቱን በያዘበት ማቆየት ነው። ከላይ ያየነው 36 ኪሎ ልጅ 11 ዓመት ሲሞላው ቁመቱ 1 ሜትር ከ40 ቢደርስና አንድ ኪሎ ብቻ ቢጨምር ቢኤምአዩ 18.9 ይሆናል፤ በዚያ ዕድሜ መስመሩ 19.2 ስለሆነ ምንም ሳይከሳ ወደ ጤናማው ክልል ተመልሷል። ልኬቱ በየስድስት ወሩ፣ በአንድ ሚዛንና በአንድ ሠንጠረዥ ቢደገም ልጁ በየትኛው አቅጣጫ እየሄደ እንደሆነ ይታያል።