ድሬዳዋ፦ በዋና ጎዳናዎች ዳር የቅይጥ አገልግሎት ግንባታ

በከተማ ፕላን አነጋገር «ቅይጥ አገልግሎት» የሚባለው ሱቅ፣ ቢሮና መኖሪያ በአንድ ህንፃ ወይም በአንድ ሰፈር አብረው የሚገኙበት አሠራር ነው። እንዲህ ያለውን ግንባታ ታክሲና አውቶቡስ በብዛት በሚመላለስባቸው ጎዳናዎች ዳር አጠጋግቶ ማስፈር፣ ከተማዋ በሜዳው ላይ ከመለጠጥ ይልቅ ባለችበት ወደ ላይ እንድታድግ ይረዳል።

ድሬዳዋን የወለዳት የባቡር መስመር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራሮች መውጣት አስቸጋሪ ስለሆነበት በ1895 ሜዳው ላይ ሲደርስ ጣቢያው፣ የጥገና ጋራዡና የሠራተኞቹ መኖሪያ እዚያው ተቆረቆሩ፤ ቦታውም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። ከጣቢያው ፊት ያለው የከዚራ ሰፈር ቀጥ ባሉ ጎዳናዎችና በዛፍ ጥላ ታቅዶ የተሠራ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው የመጋላ ሰፈር ግን በንግድ ያደገ ነው፤ ቤቱ ፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው ወይም ፎቁ መኖሪያ ነው። ዛሬ በፕላን ሰነድ ላይ አዲስ መስሎ የሚቀርበውን አሠራር የመጋላ ነጋዴ ለትውልዶች ኖሮበታል። ስለዚህ ዕቅዱ ከውጭ አገር ሥዕል ይልቅ ከመጋላ ቢጀምር ይሻላል።

ለድሬዳዋ ይህ አሠራር ከሌሎች ከተሞች የበለጠ የሚጠቅምበት ምክንያት ሙቀቱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ከተማ ብዙ ሱቆች በቀትር ይዘጋሉ፤ ፀሐይዋ ስትበርድ ደግሞ ይከፈታሉ። ቤቱ ከሥራው የራቀ ሰው በቀን አራት ጊዜ ይመላለሳል፣ በየጉዞውም ለባጃጅ ይከፍላል። ከሱቁ በላይ ወይም ሁለት መንገድ አልፎ የሚኖር ሰው ይህ ሁሉ ይቀርለታል። ነገር ግን መስታወት ለብሶ ከመንገዱ ጠርዝ ቀጥ ብሎ የቆመ ፎቅ ሙቀቱን መልሶ እግረኛው ላይ ይተፋል። በረንዳ፣ ወጣ ያለ ጣሪያና ዛፍ እዚህ ጌጥ አይደሉም። በአበባው የሚደምቀውን ዛፍ በሌላውም የአገራችን ክፍል «የድሬዳዋ ዛፍ» የሚሉት በከንቱ አይደለም፤ መንገድ ለማስፋት ሲባል የቆየ ዛፍ መቁረጥ ለዚህች ከተማ ከባድ ጥፋት ነው።

ሁሉም ጎዳና ዳር ግን ለፎቅ አይሆንም። ደቻቱ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከላይ ከደጋው ሲዘንብ ግን ድሬዳዋ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎች ገድሎ፣ በሺዎች የሚቆጠሩትን አፈናቅሏል። በወንዙ ዳርና በድልድዮቹ መግቢያ ያለው መሬት ለመሃል ከተማ ቅርብ በመሆኑ ለገንቢ ዓይን ይማርካል። እዚያ ሰው አጠጋግቶ ማስፈር ግን ያንን ሌሊት መርሳት ነው።

ሌላው ጉዳይ ከመሬት በታች ነው። ከተማዋ የምትጠጣው ውሃ ከከርሰ ምድር የሚሳብ ሲሆን ከዋና ዋና ምንጮቹ አንዱ የሳቢያን ሰፈር የውሃ ጉድጓዶች ናቸው። መፀዳጃ ቤቶች ደግሞ በአብዛኛው በጉድጓድ ስለሚሠሩ ፍሳሹ ወደዚያው ውሃ የመስረግ አደጋ አለው። አንድ ግቢ ላይ አምስት ቤተሰብ የነበረበት ቦታ ሠላሳ ቤተሰብ ሲይዝ የመፀዳጃ ጉድጓዱ አይበቃም። የፍሳሽ መስመር ከፎቁ በፊት መቅደም አለበት።

ሕጉ መንገዱን ከፍቷል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ለመላው ከተማ መዋቅራዊ ፕላን፣ ለተመረጡ ሥፍራዎች ደግሞ የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲዘጋጅ ያዛል፤ የጋራ ህንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 በአንድ ህንፃ ውስጥ ያሉ ቤቶች የተለያዩ ባለቤቶች እንዲኖሯቸው ይፈቅዳል። ድሬዳዋም በአዋጅ ቁጥር 416/1996 የራሷ ቻርተር አላት።

በ1999 ቆጠራ የአስተዳደሩ ሕዝብ 341,834 ሲሆን ከዚህ ውስጥ 233,224ቱ በከተማው የሚኖር ነበር። ከዚያ ወዲህ የኢንዱስትሪ ፓርኩና በ2014 የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጠና መጥተዋል፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያም እንደ አሮጌው ከመሃል ከተማ እምብርት ሳይሆን ከዳር ተሠርቷል። በዚህ የተነሳ የከተማዋ ሥራ ከአሮጌው መሃል እየራቀ ነው። ወደነዚህ ሥፍራዎች የሚወስደው መንገድ ዳር ዳሩን አጥርና መጋዘን ብቻ ይዞ ከቀረ ሠራተኛው ዕድሜ ልኩን ተሳፋሪ ይሆናል። በታክሲና በአውቶቡስ ማቆሚያዎቹ ዙሪያ መኖሪያ፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት አሁኑኑ ቦታ ሊያዝላቸው ይገባል፤ መሬቱ በሊዝ ከተላለፈ በኋላ ማስመለሱ ውድ ነው።

በአሮጌው መሃል ደግሞ ከባዱ ጥያቄ የነዋሪው ዕጣ ነው። በ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ከተወረሱት ቤቶች ብዙዎቹ የቀበሌ ቤት ሆነው ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል፤ ተከራዩ በመጠነኛ ኪራይ ከገበያው አጠገብ ስለሚኖር ነው እንጀራ የሚያገኘው። ከከተማው ዳር ቤት ቢሰጠው ጣሪያ አገኘ እንጂ ደንበኞቹን አጥቷል። የከፊራ ገበያ ቸርቻሪዎችም እንዲሁ ናቸው፤ የሚፈልጉት ጠባብ፣ በመሬት ላይ ያለና መንገደኛ የሚያየው ቦታ ነው። የአካባቢ ልማት ፕላኑ ምድር ቤቱ በትናንሽ ሱቆች እንዲከፈልና የተወሰኑት ለነባሮቹ በተመጣጣኝ ኪራይ እንዲጠበቁ በግልጽ ካልጻፈ፣ ባለ ህንፃው የሊዙን ዕዳ ለመክፈል ሙሉውን ምድር ቤት ለአንድ የባንክ ቅርንጫፍ ማከራየቱ አይቀርም።