የከተማ ትንኝ መራቢያ ምንድን ነው?

የትንኝ መራቢያ ማለት አንድ ሳምንት ያህል ሳይነካ የተቀመጠ ውሃ ነው። ብዙ መሆን የለበትም፤ ለአንዳንዷ ትንኝ ቆርኪ ላይ የቀረው ጠብታ ይበቃታል። ሙቀት ባለበት ከተማ እንቁላሉ ተፈልፍሎ፣ እጩ አድጎ፣ ትንኟ እስክትበር ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል፤ በብርድ ጊዜ ይረዝማል። ግቢ ሲፈተሽ መጀመሪያ የሚፈለገው እንግዲህ ሳምንት የሞላው ውሃ ነው። ንጹሕ መሆኑ ከጥርጣሬ አያድነውም።

ብዙዎቻችን ወባን የምናውቃት ከረግረግ፣ ከወንዝ ዳር ኩሬና ከመስከረም ወር ጋር አያይዘን ነው። ያ እውቀት ለገጠሩ ዛሬም ልክ ነው፤ ለከተማው ግን አይበቃም። ከደቡብ እስያና ከዓረብ ምድር የመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ በበርሜል፣ በሮቶና በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ትራባለች። በአፍሪካ መጀመሪያ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት ጅቡቲ የመዘገበችው 27 የወባ ሕሙማን ነበር፤ በ2020 ቁጥሩ ከ73 ሺህ አለፈ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወራት ወባ ሲነሳም ተመራማሪዎች በዩኒቨርሲቲው ማደሪያና በሰፈሮቹ ውስጥ ያገኟት እሷን ነው። ዝናብ መጠበቅ አያስፈልጋትም፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሰው ራሱ ያጠራቅምላታል።

ሌላዋ ደንጊና ቺኩንጉንያ የሚባሉትን የትኩሳት በሽታዎች የምታስተላልፈው ኤደስ ኤጂፕቲ ናት። ጥቁር ሰውነቷና እግሮቿ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አላት፤ የምትነክሰውም በቀን ነው። ድሬዳዋን እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ የመታት በእሷ በኩል ነው። እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብሎ ባለው እርጥብ የዕቃ ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ሊቆይና ውሃ ሲደርስበት ሊፈለፈል ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በርሜሉን ይገለብጣል፣ ያለቀልቃል፣ እንደገና ይሞላል። እንቁላሉ ግን ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ውሃው ሲነካው ይፈለፈላል። በሳምንት አንድ ቀን ተቆርጦ፣ ውሃው አልቆ በርሜሉ ባዶ ሲሆን ውስጡን በብሩሽና በሳሙና፣ በተለይ ውሃው የሚደርስበትን የመስመር ምልክት አጥብቆ መፈተግ ያስፈልጋል። እጣቢው ደረቅ መሬት ላይ ይደፋ፤ ቦይ ውስጥ ከፈሰሰ እጩ እዚያ ሊተርፍ ይችላል።

ክዳኑም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ቆርቆሮ ወይም ጣውላ ጣል ማድረግ ክፍተት ይተዋል፤ ለትንኝ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ሰፊ በር ነው። ጥሩው አሮጌ አጎበር ወይም ጠበቅ ያለ ጨርቅ በበርሜሉ አፍ ላይ ወጥሮ ዙሪያውን በላስቲክ ማሰር ነው። ፕላስቲክ ከተደረገ መሐሉ እንዳይረግብ ይወጠር፤ ከረገበ ዝናብ ያቁርና ክዳኑ ራሱ መራቢያ ይሆናል። ሮቶ ያለው ሰው ደግሞ ክዳኑን ብቻ አይቶ አይውረድ። ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቱቦና የአየር ማስወጫው ብዙ ጊዜ ክፍት ናቸው፤ ሁለቱም ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ይታሰር።

ያገለገለ ጎማ የኤደስ ምርጥ ቤት ነው፤ እንዴትም ቢቀመጥ ውሃ ይይዛል፣ ውስጡም ጥላ ነው። ጎሚስታ ቤት ደጃፍ የሚከመረው ጎማ ጣራ ስር ይግባ። ለመቀመጫ ወይም ለአትክልት የሚውለው ይበሳ ወይም አፈር ይሞላ። በግንባታ ቦታ ለብሎኬትና ለኮንክሪት ማጠጫ የሚጠራቀመው ውሃ፣ የሊፍት ጉድጓዱም፣ ሥራ ሲቆም ይረሳል፤ ገንዳው የሥራው ባለቤት በየሳምንቱ የሚያስደርቀው መሆን አለበት። የአበባ ማስቀመጫ ሳህን፣ ከፍሪጅ ጀርባ ያለው የውሃ መቀበያና በቅጠል የተደፈነ አሸንዳም አይዘለሉ። የሚሸት የፍሳሽ ቦይ የሚያፈላት ትንኝ በአብዛኛው ሌላ ዘር ናት፤ እንቅልፍ ትነሳለች እንጂ ወባም ደንጊም አታስተላልፍም። ቦዩን ማጽዳት ጥሩ ነው፤ በርሜሉን ግን አይተካም።

እጭ መኖሩን ለማወቅ ከበርሜሉ ዳር ቀስ ብሎ መቆም ነው። ጥላ ወይም ንቅናቄ ሲሰማው ወደ ታች ይሰምጣልና ሁለት ሦስት ደቂቃ ታግሶ በነጭ ሲኒ ከላይ መቅዳትና ብርሃን ላይ ማየት። በውሃው ገጽ ላይ ተጋድሞ የሚንሳፈፈው የወባ ትንኝ ዘር ነው፤ ጭንቅላቱን ቁልቁል ደፍቶ በጭራው የሚንጠለጠለው የኤደስ ወይም የቦዩ ትንኝ ነው።

ሊደፋ የማይችል ውሃ ላይ የጤና ባለሙያዎች «አቤት» (Abate) የተባለውን የእጭ ማጥፊያ ኬሚካል ይጨምራሉ። 1 በመቶ የሆነው አሸዋ መሰል ዓይነት ለ1,000 ሊትር 100 ግራም ነው፤ ለ200 ሊትር በርሜል 20 ግራም ማለት ነው። በእፍኝ መገመት አይገባም፤ መጠኑ ካነሰ አይሠራም፣ ከበዛ የሚጠጣ ውሃ ይበላሻል። በየቀኑ እየተቀዳ በሚሞላ በርሜል ውስጥ ኃይሉ ቶሎ ይቀንሳልና የሚጨመርበት ቀን በርሜሉ ላይ ይጻፍ።

ትንኟ አብዛኛውን ጊዜ ከተፈለፈለችበት ከጥቂት መቶ ሜትር አትርቅም። ሰፈሩ አንድ ቀን መርጦ አብሮ ሲፈትግ ውጤቱ ይታያል፤ ባለቤቱ የሄደበት ዝግ ግቢ ውስጥ የቀረች አንዲት ክፍት ገንዳ ግን ዙሪያውን ላሉት ቤቶች ትበቃለችና ቁልፉ ያለው ሰው ይፈለግ።