ዩቲዩብ ከጣና ዳር፦ የማስታወቂያ ገቢ አሠራርና ገበያው

ባሕር ዳር ውስጥ ዩቲዩበር ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ጣና ዳር፣ ባሕረ ጥምቀቱ ላይ፣ በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ስልኩን ዘንግ ላይ ሰክቶ የሚቀርፅ ወጣት አይጠፋም። «ሞኒታይዝ ሆነሃል ወይ?»፣ ማለትም ቻናልህ የማስታወቂያ ገቢ ማግኘት ጀምሯል ወይ የሚለው ጥያቄም «ሥራ አገኘህ ወይ?» ከሚለው እኩል መጠየቅ ጀምሯል።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። ዩቲዩብ በቪዲዮው መጀመሪያ ወይም መሐል ላይ ማስታወቂያ ያሳያል። አስተዋዋቂው ለጉግል ይከፍላል። ጉግል ደግሞ ከባለ ቻናሉ ጋር ይካፈላል። ይህ አሠራር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን ጉግል ዩቲዩብን ከገዛ አንድ ዓመት በኋላ ነው። በረጅም ቪዲዮ ላይ ከሚታይ ማስታወቂያ 55 በመቶው የባለ ቻናሉ ነው። ሾርትስ የሚባሉት አጫጭር ቪዲዮዎች አከፋፈል ለየት ይላል፤ የማስታወቂያው ገንዘብ መጀመሪያ በአንድ ቋት ይሰበሰብና ለባለ ቻናሉ ከተመደበው ላይ 45 በመቶ ይደርሰዋል።

ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ግን ተመልካቹ የተቀመጠበት አገር ነው። ማስታወቂያ የሚሸጠው በጨረታ ነው። አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ስልኩን ለከፈተ ሰው የመኪና ኢንሹራንሱም፣ ባንኩም፣ የአየር መንገዱም ይጫረትበታል። ዓባይ ማዶ ቁጭ ብሎ ያንኑ ቪዲዮ ለሚያይ ሰው የሚጫረተው ጥቂት ነው። ስለዚህ የባሕር ዳር ልጅ ስለ ባሕር ዳር ሠርቶ፣ የባሕር ዳር ሰው በብዛት ቢያይለትም፣ ኪሱ የሚሞላው ዲያስፖራው ሲያይለት ነው። የከተማዋ ቻናሎች ምን እንደሚሠሩና እንዴት እንደሚሠሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ይኸው ነው።

በዚህ መሐል ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሲፒኤምና በአርፒኤም ነው። ሲፒኤም አስተዋዋቂው ለ1,000 የማስታወቂያ ዕይታ የሚከፍለው ነው። አርፒኤም ደግሞ ዩቲዩብ ድርሻውን ከወሰደ በኋላ ለባለ ቻናሉ ከ1,000 ቪው የሚቀረው። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ያምራል። ቴሌግራም ላይ «ዩቲዩብ ላሠልጥናችሁ» የሚሉ ሰዎች ስክሪን ሾት አንስተው የሚያሳዩትም እሱን ነው። ገንዘቡ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው።

ለመግባት የሚያስፈልገው

ማስታወቂያ ለማስገባት 1,000 ሰብስክራይበር ያስፈልጋል። ከዚያ ጋር ባለፉት 12 ወራት የተቆጠረ 4,000 ሰዓት የመታየት ጊዜ፣ ወይም በ90 ቀናት ውስጥ 10 ሚሊዮን የሾርትስ ቪው መኖር አለበት። «ዋች አወር» የሚባለው ያ 4,000 ሰዓት ነው፤ ጀማሪውን እንቅልፍ የሚነሳውም እሱ ነው። ሰብስክራይበሩን ዘመድ አዝማድ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪ ተረባርቦ ይሞላዋል። ሰዓቱን ግን ማንም በውለታ አይሞላም።

ሰዓቱ ደግሞ ያረጃል። 12 ወር ያለፈው ከቆጠራው ይወጣል። ይህ ለሌላው ዓለም ትንሽ ነገር ነው፤ ለባሕር ዳር ግን ትልቅ ጉዳት ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ዩቲዩብን ጨምሮ ዋና ዋናዎቹ ማኅበራዊ ገጾች በመላ አገሪቱ ተዘግተው ሰው ሁሉ በቪፒኤን ነበር የሚገባው። እሱ ሲከፈት ብዙም ሳይቆይ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ዳታም ለብዙ ወራት ተቋረጠ። የመስመር ኢንተርኔት ያለው ሆቴል ፈልጎ አንድ ማኪያቶ ይዞ ግማሽ ቀን የሚቀመጥ ሰው ቪዲዮውን ጫነ። ያልቻለው ሰዓቱ ሲፈስስበት እያየ ቁጭ አለ። ሞኒታይዝ ሆኖ የነበረም ቢሆን ዋስትና የለውም፤ ስድስት ወር ምንም ያልለቀቀ ቻናል ላይ ዩቲዩብ ማስታወቂያውን ሊያጠፋ ይችላል።

ዶላሩ የሚመጣበት መንገድ

ገንዘቡ የሚሰበሰበው አድሴንስ በሚባለው የጉግል አካውንት ውስጥ ነው። ገቢው 10 ዶላር ሲደርስ ጉግል ባለ ስድስት አኃዝ ፒን በፖስታ ይልካል። አዎ፣ በወረቀት ፖስታ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ፖስተኛ በር አያንኳኳም፤ ደብዳቤ የሚመጣው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ሃያ ዓመት ያልሞላው ዩቲዩበር ደግሞ ፖስታ ሣጥን የሚባል ነገር ነክቶ አያውቅም። ስለዚህ የአባቱን መሥሪያ ቤት ወይም የሚያውቀውን ሱቅ ሣጥን ቁጥር ይሞላል፤ ከዚያ በየሳምንቱ «መጣ ወይ?» እያለ ይመላለሳል። ደብዳቤው ሳምንታት ይፈጃል። ከጠፋ ሌላ ማስላክ ይቻላል። ፒኑ በአራት ወር ውስጥ ካልገባ ግን ማስታወቂያው ይቆማል። አካውንቱ ላይ የሚሞላው ስም ባንክ ደብተር ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። አንዱ ላይ የአያት ስም ኖሮ ሌላው ላይ ከጎደለ ባንክ ቤት የሚጠብቀው ጣጣ ነው።

ከዚህ በፊት የሚመጣ ሌላ እንቅፋትም አለ። የዩቲዩብ የአጋርነት ፕሮግራም በሁሉም አገር አይሠራም፤ ኢትዮጵያም ለዓመታት ከዝርዝሩ ውጭ ነበረች። ብዙ የአማርኛ ቻናሎች ያገኙት መላ የታወቀ ነው። አድሴንሱ ውጭ አገር ባለ እህት ወይም የአጎት ልጅ ስም ይከፈታል። ቪዲዮው ባሕር ዳር ይቀረፃል፣ ዶላሩ ቨርጂኒያ ይገባል፣ ከዚያ በሐዋላ ይመጣል። መተማመን እስካለ ድረስ ይሠራል። ግን በወረቀት ላይ ገቢው የዘመድ ነው፤ ግብሩም በዚያው አገር በዘመድ ስም ነው። ቻናሉ ሲያድግና ገንዘቡ ሲበረክት ነገር ይመጣል። በኔ አስተያየት ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ክፍፍሉን ገና የመጀመሪያው ክፍያ ሳይመጣ ጽፎ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። ዘመድ ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ጉግል የወሩን ሒሳብ በቀጣዩ ወር መጀመሪያ አካባቢ ይዘጋል። ከ100 ዶላር በላይ ከሆነ በፈረንጆቹ ወር ከ21 እስከ 26 ባለው ጊዜ ይልካል፤ ካልሞላ ወደሚቀጥለው ወር ይሻገራል። ለጀማሪ ቻናል መቶ ዶላር መሙላት ብዙ ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ከዚያ የአሜሪካ ግብር አለ። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2021 ጀምሮ ጉግል ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ባለ ቻናሎችንም ግብር ይቆርጣል፤ የሚቆርጠው ከአሜሪካ ተመልካቾች ከተገኘው ገቢ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት የላትም። ስለዚህ የሚቆረጠው ሙሉው 30 በመቶ ነው። በቁጥር ለማየት፦ ሜሪላንድ ያለው ሰው ያየው ማስታወቂያ 10 ዶላር ቢያስገኝ የባለ ቻናሉ ድርሻ 5.50 ነው። 30 በመቶው ሲነሳ 3.85 ይቀራል። የግብር ቅጹን ያልሞላ ሰው ደግሞ የባሰ ይጎዳል፤ ከየትኛውም አገር ካገኘው ጠቅላላ ገቢ ላይ እስከ 24 በመቶ ሊቆረጥበት ይችላል። ቅጹ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሸሸዋል። መሸሹ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

የቀረው በባንኩ የዕለት ምንዛሪ ወደ ብር ይለወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከውጭ ገንዘብ ለሚያገኝ ዩቲዩበር ይህ ያለ ተጨማሪ ቪው የመጣ ጭማሪ ነበር። ካሜራና ኮምፒውተር ለመግዛት ሱቅ የገባው ግን ያገኘውን እዚያው መልሶ ትቶ ወጣ። በአገር ውስጥ ሕግም ቢሆን ነዋሪ የሆነ ሰው ገቢውን የትም ቢያገኘው ግብር አለበት።

ጣና ላይ ምን ይቀረፃል?

ዲያስፖራው ሁለት ነገር ይወዳል፤ ናፍቆትና ዋጋ። ለናፍቆቱ ጣና አለ። የዘጌ ገዳማት፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች፣ የዘጌ ቡና፣ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ፣ ጢስ ዓባይ። ለዋጋው ደግሞ የበዓል ገበያ አለ። የፋሲካ ዋዜማ የበግ ዋጋ ጥየቃ ቪዲዮ ከየትኛውም የጣና ድሮን ምስል ይልቅ ሊታይ ይችላል። ሻጩ የጠራውን ዋጋ የሰማ ሰው ሁሉ ኮሜንት ሥር ይጣላል፤ ጥሉ ራሱ ቪው ነው። እነዚህ ቪዲዮዎች የሚረዝሙትም ያለ ምክንያት አይደለም። መሐል ላይ ማስታወቂያ ማስገባት የሚቻለው ስምንት ደቂቃና ከዚያ በላይ በሆነ ቪዲዮ ብቻ ነው። አንድ በግ ላይ ስምንት ደቂቃ መከራከር የመጣው ከዚህ ነው።

ገዳማቱ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። መግቢያ ይከፈላል፤ ለቪዲዮ ካሜራ ለብቻው ማስከፈልም የተለመደ ነው። ክብራን ገብርኤልና ደጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። ሴት ዩቲዩበር እዚያ ያላት አማራጭ ከጀልባው ላይ መቅረፅ ነው፤ ጣና ላይ ደግሞ ነፋሱና የጀልባው ሞተር ድምፅ አያስቀርፁም። ድሮን ያለ ፈቃድ አይበርም።

ሌላው የሚገርመው የወቅቱ ነገር ነው። የማስታወቂያ ዋጋ በፈረንጆቹ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይወጣል፤ ኩባንያዎቹ ለገና ሽያጭ ገንዘባቸውን የሚያፈሱት ያኔ ነው። ጃንዋሪ ሲገባ ዋጋው ይወርዳል። የባሕር ዳር ትልቁ የቪዲዮ ወቅት ደግሞ ልክ በጃንዋሪ ነው። ጥምቀት ጥር 11፣ አስተርዮ ማርያም ጥር 21። ከተማው ሞልቶ፣ ታቦቱ ወርዶ፣ ቪው በሽ በሽ ሆኖ ሳለ የአንድ ቪው ዋጋ የዓመቱ ዝቅተኛው አካባቢ ነው። ጢስ ዓባይ ደግሞ ሞልቶ የሚወርደው በክረምቱና ክረምቱ በወጣበት ሰሞን ነው። በበጋ የሄደ ሰው ውኃው ቀጥኖ ያገኘዋል፤ ከላይ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ ማለት ነው። በመስከረም ቀርፆ በኅዳር የሚለቅ ሰው ሁለቱንም ያገኛል። የጥምቀቱን ግን ማቆየት አይቻልም። ትኩሱን ነው የሚፈልጉት።

ቻናል የሚያስበላው ነገር

የመጀመሪያው መዝሙርና ዘፈን ነው። ከጀርባ የሌላ ሰው መዝሙር ያስገባ ሰው ገቢው ወደ ባለ መብቱ ሊዞር ይችላል፤ በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት የኮፒራይት ስትራይክ (የቅጂ መብት ጥሰት ቅጣት) ከመጣ ደግሞ ቻናሉ ይዘጋል። ዜና አንባቢ ቻናሎች ሌላ ጣጣ አለባቸው። ስለ ጦርነትና ግጭት የሚያወራ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ ቢጫ የዶላር ምልክት ይመጣበታል፤ አብዛኛው አስተዋዋቂ አይፈልገውም ማለት ነው። የሌላ ሰው ቪዲዮ ቆርጦ ድምፅ የሚጨምርበት ደግሞ ገና ሲያመለክት ይመለሳል።

ከሁሉም የሚያሳዝነው በዘመድ ፍቅር የሚጠፋው ነው። እናት፣ ወንድም፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ «ላግዘው» ብሎ ማስታወቂያውን እየደጋገመ ይነካለታል። ጉግል ይህን የተጭበረበረ ክሊክ ብሎ ነው የሚያየው። ገቢው ይቀነሳል፣ አካውንቱም ሊታገድ ይችላል። «ሞኒታይዝ የሆነ ቻናል ይሸጣል» የሚለው የቴሌግራም ገበያም አለ። ገዢው የሚከፍለው ዋስትና ለሌለው ዕቃ ነው፤ ነገ ሻጩ በድሮ ኢሜይሉ መልሶ ቢገባ የሚከስበት ቦታ የለም።

ሕግም አለ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሠራጨ ሐሰተኛ መረጃን በከበደ ቅጣት ያያል። ገቢ የሚያስገኝ ቻናል አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ቁጥር በላይ ነው።

ከዩቲዩብ ውጭ

ቲክቶክ ባሕር ዳርን አጥለቅልቋታል፤ ግን በዕይታ የሚከፍልበት ፕሮግራሙ የተከፈተው ለጥቂት አገሮች ነው፣ ኢትዮጵያ የለችበትም። እዚህ የሚሠራው የላይቭ ስጦታ ነው። ሌሊት ላይ ጌም ገጥሞ ተመልካቹ «አንበሳ» የሚባለውን ስጦታ እንዲልክለት የሚጠብቅ ሰው ይበዛል፤ ማስታወቂያ ሳይሆን ልመናም ጨዋታም የቀላቀለ ነገር ነው።

ለብዙዎቹ ቀለብ የሚሆነው ቀጥታ ፕሮሞሽን ነው። ሆቴል፣ የሪል እስቴት ሻጭ፣ የአልባሳት ሱቅ ለባለ ቻናሉ በብር ይከፍላል። ጉግልም ፒንም የለበትም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል፤ በተግባር ግን «ዛሬ አንድ ቆንጆ ቦታ ላስጎበኛችሁ» ተብሎ ነው የሚጀመረው። ክፍያው ሁልጊዜ ገንዘብ አይደለም። ባለ ጀልባው ዩቲዩበሩን እስከ ካሜራማኑ ወደ ዘጌ ወስዶ ይመልሳል። ስልክ ቁጥሩ ከቪዲዮው ሥር ይጻፍለታል፤ ክረምት ወጥቶ ዲያስፖራው ሲመጣ የሚደወለው በዚያ ቁጥር ነው።