አይቡፕሮፌን የአልዛይመር መከላከያ አይደለም

"ዶክተር፣ አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ከብግነት ጋር የተያያዘ ነው ሲባል ሰማሁ። ለእናቴ በየቀኑ የሕመም ማስታገሻውን አይቡፕሮፌን ብሰጣትስ?" ይህን ስንቴ እንደተጠየቅሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ከመመለሴ በፊት ሌሎች የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች ላንሳ።

"ብግነት ማለት እብጠት ነው።" ብግነት ሰውነት ለጉዳት የሚሰጠው የመከላከል ምላሽ ነው፤ እግር ሲወለም አዎ፣ ያብጣል። በአልዛይመርና በፓርኪንሰን ግን የሚያብጥ፣ የሚያተኩስም ነገር የለም። ራስ ምታትም ምልክቱ አይደለም።

"ብግነት ሁሉ ጠላት ነው።" አንጎል ማይክሮግሊያ የሚባሉ የራሱ ዘበኞች አሉት። ቆሻሻ ይጠርጋሉ፣ የሞቱ ህዋሳትን ይውጣሉ፣ በአልዛይመር አንጎል ውስጥ የሚከማቸውን አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ይከብባሉ። ትሬም2 በሚባለው ዘረ-መል ለውጥ ሳቢያ ይህ ሥራ የደከመባቸው ሰዎች ለአልዛይመር ይበልጥ ይጋለጣሉ። ጣጣው ዘበኞቹ ለዓመታት ሳያርፉ ሲቀሩ ነው። ያኔ ጤነኛውን የነርቭ መገናኛም ይጎዳሉ።

አሁን ወደ ኪኒኑ። ወሬው ከመሬት አልተነሳም። ለመገጣጠሚያ ሕመም አይቡፕሮፌንንና መሰል የብግነት መድኃኒቶችን ለዓመታት የወሰዱ ሰዎች አልዛይመር ብዙም የማይዛቸው ይመስል ነበር። ተመራማሪዎች ግን በዚያ አላበቁም፤ ፈተኑት። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት የአይቡፕሮፌን ዘመድ የሆኑት ናፕሮክሰንም ሆነ ሮፌኮክሲብ አልዛይመር የያዛቸውን ሰዎች እንዳልጠቀሙ አሳየ። ያልታመሙትን ይከላከል እንደሆነ ለማየት ናፕሮክሰንንና ሌላውን ዘመዳቸውን ሴሌኮክሲብን የሰጠ ሌላ ጥናት ደግሞ በ2004 ለልብ ያሰጋል ተብሎ መድኃኒቱን መስጠት አቆመ። በኋላ በተደረገው ክትትልም መከላከሉ አልታየም። ታዲያ ምኑን ነው የምንሰጠው?

አንዲት ልጅ እናቷን ይዛ መጣች። ለወራት ጠዋትና ማታ አይቡፕሮፌን ስትሰጣቸው ቆይታለች። እናት ገርጥተዋል፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። ጨጓራቸው እየደማ ነበር። ደም ሰጥተን አተረፍናቸው፤ የመርሳቱ ነገር ግን እንደነበረ ነው። ልጅቷ "በእጄ ገድያት ነበር" ብላ ስታለቅስ ያየሁት አይረሳኝም። እባካችሁ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ጨጓራና ኩላሊት ይህን አይችልም። ሐኪም ለሌላ ሕመም ያዘዘው ከሆነ ግን ሳታማክሩት አታቋርጡ።

"እንግዲያው ምንም ማድረግ አይቻልም።" ይቻላል! የደም ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠር፣ ሲጋራ መተው፣ መንቀሳቀስ፣ ጆሮ ሲደክም ማሳከም የመርሳት በሽታን ስጋት ይቀንሳሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ትናንት ደህና የነበሩ አዛውንት ዛሬ በድንገት ከተዘባረቁ "በሽታው ባሰባቸው" ብላችሁ አትተዉ። ብዙ ጊዜ የሳንባ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው፤ ይታከማል። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።