ካሮት ሃርሞኒንን አይተካም

መስማት ተስኖት የተወለደ ልጅ፣ ዓመታት ቆይቶ ሲመሽ እየተደናቀፈ መሄድ ይጀምራል። ያኔ «ዳፍንት ነው፣ ካሮት አብሉት» የማይል የለም። በቫይታሚን ኤ እጥረት የመጣ ዳፍንት ቫይታሚኑ ሲሰጥ በቀናት ውስጥ ይሻለዋል። መስማትንና ማየትን አብሮ የሚጎዳው የዘር በሽታ፣ የአሸር ሲንድሮም፣ የሚያመጣው ዳፍንት ግን የሬቲና (ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን) ህዋሳት እየሞቱ የሚመጣ ነውና ካሮት አይመልሰውም።

«ጆሮውና ዓይኑ ለየብቻ የታመሙ ናቸው።»

በጣም የሚያሰለቸው ይሄ ነው፤ ልጁ ለጆሮው አንድ ሐኪም ጋ፣ ለዓይኑ ሌላ ጋ ሲመላለስ ሁለቱን የሚያገናኝ ይጠፋል። ልጁ መስማት ተስኖት በሚወለድበት በአንደኛው ዓይነት አሸር ከሚጎድሉት ፕሮቲኖች አንዱ ሃርሞኒን ነው። ራሱ ድምፅ አይሰማም፣ ብርሃንም አይቀበልም፤ ሥራው ሌሎች ፕሮቲኖችን በቦታቸው አስሮ መያዝ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ባለፀጉር ህዋሳት ላይ በቁመት የተደረደሩ ጥቃቅን ዘንጎች አሉ። የአጭሩን ጫፍ ከረጅሙ ጎን የሚያያይዘው ክር ከሁለት ፕሮቲኖች የተሠራ ነው፤ ከላይ ካድሄሪን 23፣ ከታች ፕሮቶካድሄሪን 15። ድምፅ ዘንጎቹን ሲያዘነብል ክሩ ይወጠርና የአዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት) በር ይከፈታል። ሃርሞኒን የካድሄሪን 23ን ጭራ ከረጅሙ ዘንግ ውስጥ ሆኖ የዘንጉ አጽም ከሆነው ፕሮቲን ከአክቲን ጋር ያስራል። እሱ ከሌለ ክሩ መያዣ ያጣል፣ ዘንጎቹም ገና ሲያድጉ ቅርጻቸው ይዛባል።

ያው ፕሮቲን በሬቲና ብርሃን ተቀባይ ህዋሳትም አለ። እነሱ የሚሞቱት ቀስ በቀስ፣ በጨለማ ከሚያዩት ጀምሮ ነው። የሚዛን አካሉም የሚሠራው በባለፀጉር ህዋሳት ስለሆነ ልጁ ዘግይቶ ይራመዳል። መስማት የተሳነው ልጅ 18 ወር አልፎት ካልተራመደ «ሰነፍ ነው» አትበሉ፤ የጂን ምርመራና የሬቲናን የኤሌክትሪክ ምላሽ የሚለካውን ምርመራ ጠይቁ። ይህ ምርመራ ዓይኑ ሲታይ ደህና በሚመስልበት ጊዜም ጉዳቱን ሊይዝ ይችላል።

«መነጽር ያስተካክለዋል።» አያስተካክለውም።

«ወላጆቹ ጤነኞች ናቸው፣ በዘር አይደለም።» እያንዳንዳቸው አንድ ብልሹ ቅጂ ተሸክመው ምንም ላይታይባቸው ይችላል። በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ ሁለቱንም ብልሹ ቅጂዎች ወርሶ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው።

«ዘመድ ከዘመድ ካልተጋባ አይመጣም።» በአሜሪካ የሉዊዚያና ግዛት የሚኖሩት አካዲያውያን ከጥቂት ፈረንሳውያን ሰፋሪዎች የመጡ ናቸው፤ ዝምድናቸውን የማያውቁ ባልና ሚስት አንድ ዓይነት የጂን ለውጥ ሊይዙ ይችላሉ። በሃርሞኒን ጂን 216ኛው ፊደል ከጂ ወደ ኤ ሲቀየር የተሳሳተ መቁረጫ ቦታ ይፈጠራል፣ ከጂኑ ከሚቀዳው መልእክትም 35 ፊደል ይጎድላል። መልእክቱ የሚነበበው ሦስት ሦስት ፊደል እየሆነ ነው፤ 35 ለ3 ስለማይካፈል ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ ይበላሻል።

«ዓይኑ ለሚጠፋ ልጅ የጆሮ ቀዶ ሕክምና ምን ይሠራል?» እንዲያውም የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ኮክሊያር ኢምፕላንት፣ በቀዶ ሕክምና በውስጠኛው ጆሮ የሚተከል መሣሪያ፣ የተጎዱትን ህዋሳት ዘሎ የመስማት ነርቩን በቀጥታ ያነቃል፤ ጥሩ ውጤት የሚሰጠውም በሕፃንነት ሲገባ ነው። በኋላ እይታው ሲጠብ የምልክት ቋንቋን በዓይን መከታተል ይከብደዋል።

«የሃርሞኒን ጂን ደህና ከሆነ አሸር አይደለም።» ስህተት ነው። በአንደኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የማዮሲን 7ኤ ጂን ነው፤ ስለዚህ የአሸር ጂኖች ሁሉ በአንድ ላይ ይታዩ። በአንድ ጂን ሁለት ለውጥ ከተገኘ ወላጆችም ደም ይስጡ፤ ሁለቱም ከአንድ ወላጅ የመጡ ከሆነ ሌላኛው ቅጂ ደህና ነውና ምርመራው አላለቀም።