ቢጫው ግድግዳ፦ የዶርትሙንድ ስታዲየም ድባብና የእንግዳ ተመልካች ውሎ

ዶርትሙንድ በምዕራብ ጀርመን፣ በሩር አካባቢ የምትገኝ፣ ከመቶ ዓመት በላይ በድንጋይ ከሰል፣ በብረትና በቢራ ጠመቃ ስትተዳደር የኖረች ከተማ ናት። የከሰል ጉድጓዶቿና የብረት ምድጃዎቿ ዛሬ ተዘግተዋል፤ ከሩቅ አገር የሚመጣ መንገደኛ ስሟን የሚያውቀው በአብዛኛው ቦሩሲያ ዶርትሙንድ በሚጫወትበት በቬስትፋለን ስታዲየም ነው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ በስፖንሰሩ ስም ሲግናል ኢዱና ፓርክ የሚባለው ይህ ስታዲየም ለአገር ውስጥ ውድድር 81,365 ተመልካች ይይዛል። ከእነዚህ መካከል ወደ 24,500 የሚጠጉት ከአንዱ ጎል ጀርባ ባለው የደቡብ ትሪቡን ጨዋታውን ቆመው ይከታተላሉ። ይህ ትሪቡን ርዝመቱ 100 ሜትር፣ ከፍታው 40 ሜትር ገደማ፣ ዳገትነቱም እስከ 37 ዲግሪ የሚደርስ ሲሆን፣ በአውሮፓ ከሚገኙት የመቆሚያ ትሪቡኖች ሁሉ ትልቁ ነው። ደጋፊዎቹ ከላይ እስከ ታች የክለቡን ቀለም ለብሰው ስለሚቆሙ ቢጫው ግድግዳ የሚል ስም ወጥቶለታል።

በሌላ አገር ኳስ ለማየት የሚጓዝ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ስለ ተጫዋቾቹ ነው። ወደ ዶርትሙንድ የሚጎርፉት እንግዶች ግን፣ በተለይም ቅዳሜና እሑድን እየጠበቁ ከእንግሊዝና ከኔዘርላንድ የሚመጡት፣ በእኩል ደረጃ ትሪቡኑን ለማየት ይመጣሉ። ይህ ድባብ እንዲሁ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም፤ በግንባታ፣ በደንብ፣ በትኬት ዋጋና በከተማው ታሪክ ለዓመታት ተሠርቶ የመጣ ነው። የሚቀጥለው ዳሰሳም ይህንኑ ለማሳየት ይሞክራል።

ስታዲየሙ የተወለደው ከገንዘብ እጥረት ነው። ጀርመን የ1974ን የዓለም ዋንጫ ለማስተናገድ ስትሰናዳ ከተመረጡት ከተሞች አንዷ የነበረችው ኮሎኝ በወጪው ብዛት ምክንያት ራሷን ስታገል፣ ዕድሉና የመንግሥቱ ድጋፍ ወደ ዶርትሙንድ ዞረ። ከተማዋም የመሮጫ መም ያለው ትልቅ ስታዲየም መሥራት ከአቅሟ በላይ ስለሆነባት፣ ተዘጋጅተው በሚገጣጠሙ የኮንክሪት ክፍሎች ለእግር ኳስ ብቻ የሚሆን ሜዳ አቆመች። መም ስለሌለው የመጀመሪያው ረድፍ ተመልካች ከመስመሩ ጥቂት ሜትሮች ብቻ ይርቃል፤ ጣሪያውም ትሪቡኖቹን ስለሚሸፍን ድምፁ ወደ ሰማይ ከመበተን ይልቅ ተመልሶ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ሚያዝያ 2 ቀን 1974 እ.ኤ.አ. ከጎረቤቱ ከሻልከ 04 ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ሲመረቅ፣ ባለሜዳው ቦሩሲያ ዶርትሙንድ በሁለተኛው እርከን የሚጫወት፣ ገንዘብም ዝናም የጎደለው ክለብ ነበር። የደቡቡ ትሪቡን አሁን ያለውን መጠን የያዘው በ1990ዎቹ መጨረሻ በተደረገለት ማስፋፊያ ነው።

ቆሞ ማየት ራሱ በአውሮፓ ሊጠፋ የደረሰ ልማድ ነበር። ሚያዝያ 15 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ በሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መጨናነቅ 97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሕይወታቸውን ካጡ በኋላ፣ የእንግሊዝ ትልልቅ ክለቦች የመቆሚያ ትሪቡኖቻቸውን አፍርሰው ሁሉንም ቦታ ወንበር አደረጉ። በጀርመን ግን ደጋፊዎች አጥብቀው ስለተከራከሩ ክለቦቹ መቆሚያውን በብረት መደገፊያዎች እየከፋፈሉና የሰዉን ቁጥር እየገደቡ አቆዩት። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር በበኩሉ ወንበር የሌለበትን ቦታ ስለማይፈቅድ፣ በሻምፒዮንስ ሊግ ምሽቶች በደቡቡ ትሪቡን ላይ ወንበር ይተከል ነበር፤ ስታዲየሙ የሚይዘው ሰውም ወደ 66,000 ይወርድ ነበር። ማኅበሩ በ2022/23 የውድድር ዘመን በጀርመን፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ቆሞ ማየትን በሙከራ ሲፈቅድ ግድግዳው በአውሮፓ ውድድሮችም ሙሉ ሆኖ መቆም ጀመረ።

የዋጋው ጉዳይ ከዚህ አይለይም። በአንድ ወንበር ቦታ ሁለት ሰው ሊቆም ስለሚችል የመቆሚያ ትኬት ርካሽ ነው፤ በዶርትሙንድ ለቡንደስሊጋ (ለጀርመን አንደኛ ሊግ) ጨዋታ ለረጅም ጊዜ ከ20 ዩሮ በታች ሲሸጥ ቆይቷል። በዚህም ምክንያት ተማሪው፣ ተለማማጁ ሠራተኛና ጡረተኛው ከትሪቡኑ አልተገፉም። የጀርመን ሊግ ደንብም ከጥቂት ክለቦች በስተቀር አባላት ከግማሽ በላይ የሆነውን የድምፅ መብት እንዲይዙ ስለሚያዝ፣ ደጋፊው ዋጋ ሲጨመርበት ዝም ብሎ አይቀበልም። የካቲት 9 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. በሽቱትጋርት በተካሄደ የጀርመን ዋንጫ ጨዋታ እንግዳዎቹ የዶርትሙንድ ደጋፊዎች የትኬት ዋጋን በመቃወም የቴኒስ ኳሶችን ወደ ሜዳ ወርውረው ጨዋታውን አስቁመዋል።

ክለቡ የተመሠረተው ታኅሣሥ 19 ቀን 1909 እ.ኤ.አ. በከተማዋ ሰሜናዊ ክፍል፣ በቦርሲግፕላትስ አደባባይ አጠገብ በሚገኝ መጠጥ ቤት ነው። መሥራቾቹ ኳስን ከማይወድ የሰበካ ካህን ጋር የተጋጩ የካቶሊክ ወጣቶች ነበሩ። አካባቢው የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች መንደር ስለነበር የክለቡና የፋብሪካው ዕጣ ተሳስሮ ኖሯል። በከተማዋ የመጨረሻው የከሰል ማዕድን በ1987፣ የብረት ማቅለጡ ሥራ ደግሞ በ2001 ሲያበቃ፣ አባትና ልጅ አብረው የሚሄዱበት ቦታ ስታዲየሙ ብቻ ሆነ ማለት ይቻላል። በትሪቡኑ ላይ አጠገቡ የቆመውን ሰው ያነጋገረ እንግዳ፣ ቦታው ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ መሆኑን ቢሰማ ሊደነቅ አይገባም።

ለመንገደኛው ትልቁ ችግር ትኬት ነው። ወደ 55,000 የሚጠጋው ቦታ በውድድር ዘመን ትኬት አስቀድሞ የተያዘ ሲሆን፣ ለእንግዳው ቡድን ደጋፊዎችም ከጠቅላላው እስከ አንድ አሥረኛ ይሰጣል። ከቀረው ላይ ቅድሚያ የሚያገኙት የክለቡ አባላት ናቸው። ስለዚህ እንግዳ ሰው ዕድሉን መሞከር ያለበት በራሱ በክለቡ ሽያጭና የዘመን ትኬት ያላቸው ሰዎች መምጣት ሲያቅታቸው ቦታቸውን በሚያስተላልፉበት የክለቡ የዳግም ሽያጭ በኩል ነው። በስታዲየሙ ዙሪያ ከሰው እጅ የሚገዛ ትኬት በር ላይ ሊያስመልስ ይችላል። የተገኘው ትኬት ግን ለኳሱ ብቻ አይደለም፤ በጨዋታው ዕለት በአካባቢው ባቡርና አውቶቡስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያሳፍራል።

የተለመደው የጨዋታ ሰዓት ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ቢሆንም ውሎው የሚጀምረው ከጠዋት ነው። ከዋናው ባቡር ጣቢያ በከተማ ባቡር መሄድ ቢቻልም፣ የሚመከረው ግን ክሮይትስፊርተል የሚባለውን ሰፈር አቋርጦ ወደ ደቡብ በእግር መጓዝ ነው። በመጠጥ ቤቶቹ ደጃፍ ቢጫና ጥቁር ስካርፍ የጠመጠሙ ሰዎች የተጠበሰ ቋሊማና ቢራ ይዘው ይቆማሉ፤ ሕፃናት በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ሆነው ይታያሉ፤ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ደግሞ 62 ሜትር የሚረዝሙት የስታዲየሙ ቢጫ ምሰሶዎች ብቅ ይላሉ። ሰማያዊ ልብስ አለመልበስ ይመረጣል፤ ሰማያዊ የሻልከ ቀለም ነው። ሁለቱ ክለቦች ካላቸው ባላንጣነት የተነሳ የዶርትሙንድ ሰዎች የሻልከን ስም እንኳ ላለመጥራት በመካከላቸው ባለችው በሄርነ ከተማ ስም «ሄርነ ምዕራብ» ይሏቸዋል።

የመቆሚያ ትኬት የወንበር ቁጥር ስለሌለው ጥሩ ቦታ የሚፈልግ ሰው ቀድሞ መግባት አለበት። ውስጥ ሲደርስ በቅድሚያ የሚያስተውለው የትሪቡኑን ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ የፊተኛው ሰው ጭንቅላት ከኋለኛው ደረት በታች ነው። ቡድኖቹ ከመግባታቸው በፊት፣ ከሊቨርፑል ደጋፊዎች ጋር የሚጋሩትን «ብቻህን አትሄድም» የሚል መዝሙር መላው ስታዲየም ስካርፉን በሁለት እጁ ዘርግቶ ይዘምራል። ጨዋታው ሲጀምር ደግሞ በትሪቡኑ ግርጌ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው የቆሙት መሪዎች በድምፅ ማጉያና በከበሮ ዝማሬውን ያስኬዱታል። እነዚህ ሰዎች በጣሊያንኛ ካፖ ይባላሉ፤ እኛም የሥራ አለቃን ካቦ የምንልበት ቃል የመጣው ከዚያው ነው። ካፖው ዘጠናውን ደቂቃ ሙሉ ኳሱን ሳያይ ይውላል። ጎል ሲገባ አስተዋዋቂው የተጫዋቹን የመጀመሪያ ስም ብቻ ይጠራል፤ የቤተሰብ ስሙን ሰማንያ ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ ይመልስለታል። ይህን ሥራ ከ1992 ጀምሮ የያዘው ኖርበርት ዲክል፣ በ1989 የጀርመን ዋንጫ ፍጻሜ ከጉልበት ጉዳት ሳያገግም ተሰልፎ ዶርትሙንድ ቬርደር ብሬመንን 4 ለ 1 ሲረታ ሁለት ጎል ያስቆጠረ የቀድሞ አጥቂ ነው። ጎሉን ተከትሎም የቢራ ብርጭቆዎች ወደ አየር ይበራሉ፤ የማይተዋወቁ ሰዎች ይተቃቀፋሉ።

የአውሮፓን ኳስ በዲኤስቲቪ ቤት ሲከታተል ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ሁሉ ለዓይኑ አዲስ አይደለም። አዲስ የሚሆንበት ቴሌቪዥን ሊያሳየው የማይችለው ነገር ነው፤ ኮንክሪቱ ከእግር ሥር መንቀጥቀጡ፣ ዝማሬው ከጆሮ ይልቅ በደረት መሰማቱ፣ ኳሱ በሌላው ጫፍ ሲሆን ምን እንደተፈጠረ ከፊት ካሉት ሰዎች ትከሻ መገመቱ። በአዲስ አበባ ስታዲየም በካታንጋ ወይም በሚስማር ተራ ቆሞ ያየ ሰው ግን ጠባዩን ቶሎ ይለየዋል። እዚያም እዚህም ርካሹ ቦታ የስታዲየሙ ልብ ነው፤ ሌላው ተመልካች የሚከተለው የእሱን ድምፅ ነው። ስለዚህ በደቡቡ ትሪቡን የሚቆም እንግዳ ስልኩን አንሥቶ ሲቀርጽ መዋሉ አይወደድለትም፤ የሚጠበቅበት ቃሉን ባያውቅ እንኳ በጭብጨባ መተባበር ነው። መቅረጽ የፈለገ በጎን ትሪቡኖች ወንበር ቢይዝ ይሻለዋል፤ ግድግዳውም ሙሉ ሆኖ የሚታየው ከዚያ ነው።

የዚህ ሕዝብ ኃይል ከሁሉ ይልቅ የተገለጠው ግን በዝምታ ነው። መጋቢት 13 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ከማይንዝ ጋር በተደረገው ጨዋታ ሁለት ተመልካቾች በትሪቡን ላይ በልብ ሕመም ወደቁ፤ አንዱ ሕይወቱ አለፈ። ወሬው በሁለተኛው አጋማሽ ከሰው ወደ ሰው ሲዛመት ባንዲራዎቹ ወረዱ፤ ከበሮው ቆመ፤ የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎችም አብረው ጸጥ አሉ። ዶርትሙንድ ሁለተኛውን ጎል ሲያስቆጥር ደስታ የሚባል ነገር አልተሰማም። ወደ መጨረሻው ግን ሰዎች ስካርፋቸውን ዘርግተው ያንኑ መዝሙር ዘመሩ፤ ተጫዋቾቹም ከጨዋታው በኋላ በግድግዳው ፊት ተሰልፈው አዳመጡ።

ግንቦት 27 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባላንጣው ያው ማይንዝ ነበር። ዶርትሙንድ ቢያሸንፍ ከ2012 ወዲህ የመጀመሪያውን የቡንደስሊጋ ዋንጫ የሚያነሣበት ዕለት ሲሆን፣ 2 ለ 2 በመለያየቱ በእኩል ነጥብ በጎል ክፍያ ለባየርን ሙኒክ ለቀቀ። በደቡቡ ትሪቡን የቆመው ሕዝብ ቦታውን ሳይለቅ ዋንጫውን ላጣው ቡድን መዘመሩን ቀጠለ፤ በልጅነቱ የክለቡ ደጋፊ የነበረው አሠልጣኝ ኤዲን ተርዚችም በፊቱ ቆሞ አለቀሰ።

እንግዳን መቀበልን በተመለከተ ከተማዋ የምትታወሰው በሚያዝያ 11 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ምሽት ነው። ከሞናኮ ጋር ለሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ወደ ስታዲየም በመጓዝ ላይ በነበረው የዶርትሙንድ አውቶቡስ አጠገብ ፈንጂዎች ፈነዱ፤ ተከላካዩ ማርክ ባርትራ ቆሰለ፤ ጨዋታውም ወደ ማግስቱ ተዛወረ። በስታዲየሙ ውስጥ ይጠባበቁ የነበሩት የሞናኮ ደጋፊዎች የባለሜዳውን ክለብ ስም እየጠሩ ዘመሩ። ማደሪያ ላልነበራቸው ደግሞ የዶርትሙንድ ነዋሪዎች በማኅበራዊ መገናኛ እየተጠራሩ ቤታቸውን ከፈቱላቸው፤ ቀዩን ማሊያ የለበሱት እንግዶችና ባለቢጫዎቹ አስተናጋጆቻቸውም በአንድ ማዕድ ዙሪያ ሆነው የተነሷቸው ፎቶግራፎች በዚያው ሌሊት በየአገሩ ታዩ። በማግስቱ በተካሄደው ጨዋታ ሞናኮ 3 ለ 2 አሸነፈ።